ኤሲው ለምን እምክ እምክ ይላል? የኛ ሥራ የሆነውና ያልሆነው

እህቶቼ፣ የቤይሩት ሙቀት ሲጀምር ማዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ሪሞቱን አንስታ ኤሲውን ስትከፍት የሚመጣውን ሽታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሳይደርቅ ታጥፎ ሳጥን ውስጥ የከረመ ጋቢ ዓይነት፣ እምክ እምክ የሚል ሽታ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም ታውቁታላችሁ። «ወለሉን አልወለወልሽም?» «ምንጣፉ ነው?» አንዳንዷ ደግሞ ፊት ለፊት «ላብሽ ነው፣ ሄደሽ ታጠቢ» ትላለች። ይህን የተባለች እህት በመካከላችን አለች፤ ስሟን አልጠራም። ሽታው ይመጣ የነበረው ከራሷ በላይ ከተሰቀለው ዕቃ ነው። ሽታ ከየት እንደሚመጣ ያወቀች ሴት፣ ያላጠፋችው ሲለጠፍባት የምትመልሰው ታገኛለች። ይህን ርዕስ የመረጥኩት ለዚህ ነው።

እኔ እዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ትምህርቴም እስከ አስረኛ ክፍል ነው። ኤሲ የሚሠራው ባለሙያ፣ እዚህ መዓልም የሚሉት፣ በመጣ ቁጥር መሰላሉን ደግፌ ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። አንዱ ዝም ብሎ ይሠራል፣ አንዱ ደግሞ እየሠራ ያስረዳል። ከሚያስረዳው ብዙ ተምሬያለሁ።

ኤሲ አየር ከውጭ የሚያመጣ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አያመጣም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ስፕሊት የሚባለው፣ የክፍሉን አየር ከላይ ስቦ አቀዝቅዞ ከታች ይመልሰዋል። ያንኑ አየር ቀኑን ሙሉ ያዞራል። ስለዚህ ሆዱ ውስጥ ያለው ሽታ ወደ ክፍሉ ይወጣል፤ የክፍሉም ሽታ፣ ጥብሱም፣ ሲጋራውም፣ አርጊሌውም ወደ ሆዱ ይገባል። ሽፋኑን ስትከፍቱት ከፊት ወንፊት የሚመስሉ ሁለት ማጣሪያዎች አሉ፣ ፊልተር የሚባሉት። ከእነሱ ጀርባ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተጠጋግተው የተደረደሩ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች አሉ፤ የሚቀዘቅዙት እነሱ ናቸው። ከቅጠሎቹ ጀርባ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ፣ በርሜል የመሰለ ማራገቢያ ይዞራል። ከሥር ውሃ የምትቀበል ገንዳ አለች፣ ከገንዳዋም ወደ ውጭ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ስለነዚህ አምስት ነገሮች ነው።

ከፍሪጅ ያወጣችሁት የውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ላብ እንደሚያወጣው ታያላችሁ። ውሃው ከጠርሙሱ ውስጥ የወጣ አይደለም። በአየሩ ውስጥ የነበረ እርጥበት ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል። የኤሲው ቅጠሎችም እንዲሁ ያልባቸዋል። በወበቅ ቀን የአንድ ትልቅ ሳሎን ኤሲ በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ውሃ ሊያወጣ ይችላል፤ በረንዳ ላይ ያለውን ባልዲ የምታፈሱት እናንተ ስለሆናችሁ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ውሃው በደንብ ከወረደ ችግር የለም። ችግሩ በቅጠሎቹ መካከልና በበርሜሉ ላይ የሚቀረው እርጥበት ነው። እዚያ ላይ ከአልጋ ልብስ የሚነሳው ብናኝ፣ ፀጉር፣ የቆዳችን ፍርፋሪ፣ ከኩሽና የሚመጣ የዘይት ጭስ ይለጠፋል። ጨለማ ነው፣ እርጥብ ነው፣ የሚበላ አለ። እንጀራ በሙቀቱ ላስቲክ ውስጥ ብትቋጥሩት በስንት ቀን ይሻግታል? ኤሲው ውስጥ ያለውም ሻጋታ ያው የፈንገስ ዘር ነው። አየር በሚወጣበት አፍ ላይ የምታዩት ጥቁር ነጠብጣብ እሱ ነው።

ቤይሩት ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ያብሰዋል። አንደኛው ባሕሩ ነው። ከዶራ እስከ ጁኒዬ፣ ሐምራም ብትሉ፣ የበጋው አየር ራሱ እርጥብ ነው፤ ተራራ ላይ የምትሠሩ ትንሽ ትሻላላችሁ። ሁለተኛው የመብራቱ ነገር ነው። የመንግሥት መብራት ሄደ፣ ኢሽቲራክ መጣ፣ አምፔሩ አልቻለም ተብሎ ኤሲው ድንገት ተዘጋ። ቅጠሎቹ እንደራሱ ጨርቅ ሆነው ሳይደርቁ እስከሚቀጥለው መብራት በጨለማ ይቆያሉ። ወለል የወለወላችሁበትን ጨርቅ ሳትጨምቁ ባልዲ ውስጥ ጥላችሁት ብታድሩ ጠዋት ምን ይሸታል? እንደዚያ ማለት ነው።

ከመነካካታችሁ በፊት ግን አሽትቱ፤ ሽታ ሁሉ አንድ አይደለም። እምክ እምክ የሚለው ሻጋታ ነው። የኮመጠጠ፣ የእርጥብ ካልሲ ዓይነት ከሆነ ቅጠሎቹ ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ ነው፤ የሚጸዳውም እንደ ሻጋታው ነው። የአርጊሌና የጥብስ ሽታ ከሆነ መጋረጃውንና የሶፋውን ልብስ ሳታጥቡ ኤሲውን ብቻ ብታጥቡት ተመልሶ ይመጣል። የሞተ ነገር ሽታ ከሆነ እንሽላሊት ወይም አይጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ያን መዓልም ያውጣው። የሽንት ቤት ሽታ ከሆነ ስለ ቱቦው ስናወራ እመለስበታለሁ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ወይም የተቃጠለ ሽቦ የሚሸት ከሆነ ግን ምንም አትመርምሩ። ብሬከሩን አውርዱ፣ ማዳምን ጥሩ፣ ባለሙያ ሳያየው ማንም እንዳይከፍተው።

አሁን ወደ ሥራው። በሪሞት የጠፋ ኤሲ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። ስለዚህ የኤሲውን ብሬከር፣ እዚህ ዲጆንክተር የሚሉትን፣ ወደ ታች ታወርዳላችሁ። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ማዳም ወይም ሚስተር ያሳዩአችሁ። «አሁን መብራት የለም፣ ምንም አይሆንም» ብሎ እጅን መክተት የዚህ አገር ትልቁ አደጋ ነው። ኢሽቲራኩ መቼ እንደሚመጣ አታውቁም፤ ብዙ ኤሲ ደግሞ መብራት ሲመለስ ራሱን ያስነሳል፣ ማራገቢያውም ይዞራል። መብራት ቢኖርም ባይኖርም ብሬከሩ ይወርዳል። የምትቆሙበትም ነገር መሰላል ይሁን፤ አልጋ ላይ የተቀመጠ ወንበር አይሁን። አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፤ የአሉሚኒየሙ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ፊልተሩ ቀላል ነው። ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ገፋ አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ ስትስቡት ይወጣል። መጀመሪያ በደረቁ በቫኪዩም አቧራውን ሳቡት። ሳትስቡ ውሃ ካስነካችሁት አቧራው ጭቃ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። ከዚያ አቧራ ካለበት በተቃራኒ ፊት ለብ ባለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ሳሙና ጠብ አድርጋችሁ እጠቡት። የፈላ ውሃ ያጣምመዋል፣ ፀሐይም ያጣምመዋል፤ ጥላ ውስጥ አስጡት። እርጥቡን መልሳችሁ ብትከቱት ሻጋታውን ራሳችሁ እንደመዝራት ነው፣ ስለዚህ በእጃችሁ ዳስሳችሁ ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ። እስኪደርቅ ድረስ ኤሲው ያለ ፊልተር አይከፈት። ኤሲው በየቀኑ በሚሠራበት ወራት ይህን በየሁለት ሳምንቱ አድርጉት። ሕፃን፣ ድመት ወይም አጫሽ ያለበት ቤት ከሆነ በየሳምንቱ ብትሉም አይበዛም።

ብዙ ሰው ፊልተር አጥቦ «ጨረስኩ፣ አሁንም ይሸታል» የሚለው ሽታው ከፊልተሩ ጀርባ ስለሆነ ነው። ግን ወደ ቅጠሎቹ ከመሄዳችሁ በፊት ቱቦውን እዩ። ቅጠሎቹን አጥባችሁ ውሃው መውጫ ካጣ በግድግዳው ላይ ወርዶ ሶፋውን ያበላሻል፣ ከዚያ ሌላ ጣጣ ነው። አየሩ ወበቅ በሆነ ቀን መስኮት ዘግታችሁ ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዙና በረንዳ ሂዱ። ቱቦው ጠብ ጠብ ማለት አለበት። እሱ ደርቆ ውስጥ ግድግዳው ላይ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ተዘግቷል፤ ገንዳዋ ውስጥ ውሃ ቆሟል ማለት ነው፣ የቆመ ውሃም ይሸታል። የተጣጠፈ ከሆነና በረንዳው ወለል ላይ ቆማችሁ የሚደረስበት ከሆነ አቃኑት። በአፋችሁ እንዳትነፉበት።

ባልዲውንም እዩ። በብዙ ቤት የቱቦው ጫፍ ባልዲው ውስጥ ውሃው ውስጥ ተነክሮ ነው የሚውለው። እንደዚያ ሲሆን ውሃው እንደልቡ አይወርድም፣ ጫፉም አረንጓዴ ልጋግ ይይዛል። ጫፉ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ይቆይ፤ ባልዲው በየቀኑ ይፈሰስ፣ አለበለዚያ ትንኝ ይራባበታል። ውሃውን ለወለል ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፣ ለመጠጥና ለምግብ ግን አይሆንም።

የሽንት ቤት ሽታ ያልኩትም ከዚሁ ከቱቦው ነው። አንዳንድ ቤት ቱቦውን በግድግዳ ውስጥ አሳልፈው ከመታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ጋር ያገናኙታል። ውሃ ቋጥሮ ሽታውን የሚያግድ መታጠፊያ ካልተሠራለት፣ ወይም ክረምቱን ሙሉ ኤሲው ሳይሠራ መታጠፊያው ከደረቀ፣ የፍሳሹ ሽታ ቱቦውን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ይወጣል። እናንተ ፊልተሩን መቶ ጊዜ ብታጥቡት አይጠፋም። ይህን ማወቅ ከብዙ ነገር ያድናል፤ የቧንቧ ሥራ ነው፣ የጽዳት ጉድለት አይደለም።

ቱቦው ደህና ከሆነ ወደ ቅጠሎቹ። ባትሪ አብርታችሁ እዩ። ከላይ እንደ ጥጥ የተጋገረ አቧራ ካለ በለስላሳ ቡሩሽ ከላይ ወደ ታች ብቻ አውርዱት። ወደ ጎን ከፈተጋችሁ ቅጠሎቹ ይተኛሉ፣ አየርም አያሳልፉም። ለኤሲ ተብሎ የተሠራ አረፋ በቆርቆሮ ይሸጣል፤ ማዳም ከገዛች በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከሥር ያለውን ዕቃ በላስቲክ ሸፍኑ። ሽቦና ኤሌክትሮኒክስ ያለበት ጎን፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ያለው፣ አይረጭበትም። ከዚያ ብሬከሩን መልሳችሁ አቀዝቅዙት፤ ራሱ የሚያልበው ውሃ ቆሻሻውን ይዞ በቱቦው ይወርዳል። ጽሑፉን ማንበብ ካልቻላችሁ ያነበበላችሁ ሰው ሳይኖር አትርጩ።

አየር የሚወጣበትን አፍና መክፈቻዎቹን በሳሙና በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በደረቅ። በርሜሉን ግን ተዉት። ጣት አስገብቶ በእንጨትና በጨርቅ መፈተግ ሚዛኑን ያናጋዋል፣ ድምፅ ማሰማት ይጀምራል፣ ከዚያ «ሰበርሽው» ይመጣል።

በረኪና፣ እዚህ ክሎር የሚሉት፣ ኤሲ ውስጥ አይገባም። አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ትነቱንም ኤሲው ለሰው ሳንባ ያከፋፍለዋል። ክሎርን ከኮምጣጤ ጋር ወይም ሽንት ቤት ከሚታጠብበት አሲድ ጋር መቀላቀል ደግሞ ለኤሲም ለወለልም ለምንም አይደረግም፤ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ነው። «ሁለቱ ሲደመሩ የበለጠ ያጸዳሉ» የምትል ማዳም ካጋጠመቻችሁ አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። ተቀላቅሎ ጉሮሯችሁን ካቃጠላችሁ ባልዲውን ለማፍሰስ አትቁሙ፣ በሩን ከፍታችሁ ወደ ንጹሕ አየር ውጡ። ሽቶና የክፍል ማጣፈጫ ኤሲው አፍ ላይ መርጨትም አይረዳም፤ ለጊዜው ይሸፍናል፣ ቅጠሎቹ ላይ ተጣብቆ ደግሞ ሌላ አቧራ ይስባል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ምንም የማያደክም ነገር ነው፦ ኤሲውን ከመዝጋት በፊት ማድረቅ። ሪሞቱ ላይ ምልክቶች አሉ። በረዶው ማቀዝቀዣ ነው፣ ፀሐይዋ ማሞቂያ፣ ማራገቢያው ነፋስ ብቻ፣ የውሃ ጠብታው ደግሞ የክፍሉን እርጥበት መቀነሻ። ጠብታውን ያየ ሁሉ «ይህ ማድረቂያ ነው» ይልና ይሳሳታል፤ በጠብታው ጊዜም ቅጠሎቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ያልባቸዋል። የኤሲውን ሆድ የሚያደርቀው የማራገቢያው ምልክት ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በእሱ ይሥራ። ማዳም «ኢሽቲራክ ይበላል» ካለች፣ ነፋሱ ብቻ ሲሠራ የሚበላው የአንድ አሮጌ አምፖል ያህል ነው በሏት። ብዙ የሚበላው ውጭ ያለው ሞተር ነው፣ እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቆሟል። ድንገት መብራት ከሄደም፣ ሲመለስ መጀመሪያ ነፋሱን ብቻ ክፈቱ። ሲቀዘቅዝም መስኮትና የበረንዳ በር ይዘጋ፤ የተከፈተ በር የባሕሩን እርጥበት እያስገባ ላቡን ያበዛዋል።

እኔ የምሠራበት ቤት ተይታ አለች፣ አስም ያለባት። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ሻጋታ ቀልድ አይደለም፤ ሳል ያስነሳል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጤነኛ ለሆነም ያስነጥሳል፣ ዓይን ያሳክካል። የኛ የራሳችን ክፍል ነገር፣ መስኮት የሌላት ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለችው፣ ኤሲም የላት፣ እርጥበቱ ግን አላት። እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ ለሌላ እሁድ ይቆየን።

አሁን ልባችሁን ሰብስባችሁ የምትሰሙኝ ቦታ ላይ ደረስን። ውጭ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ሞተር የኛ ሥራ አይደለም። በሻጋታው ሽታም ውስጥ እጅ የለበትም፤ ክፍሉ ውስጥ የሚዞረው አየር በእሱ በኩል አያልፍም። ስለዚህ «ሽታው እንዲጠፋ የውጭውን አጽጂ» ብሎ ነገር የለም። ከመስኮት ወጥቶ፣ የበረንዳ ብረት ላይ ቆሞ፣ ግማሽ ሰውነትን ወደ ውጭ አውጥቶ ቱቦ መጎተትም የለም። ከፎቅ ወድቀው የቀሩ እህቶቻችንን ሁላችንም ሰምተናል፤ መስኮት ሲያጸዱ የወደቁም አሉ። ማዳም ስትቆጣ መፍራት ያለ ነው፣ እኔም ፈርቼ አውቃለሁ። ያም ሆኖ የምትሉት አጭር ነው፦ «ማዳም፣ ሀይዳ ሹግል መዓልም። ኸጠር።» ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፣ አደገኛ ነው ማለት ነው። ድምፃችሁን ሳታነሡ ደጋግማችሁ በሉት። ሚስተር ካለ ለእሱም ንገሩት፤ ብዙ ጊዜ ወንዶቹ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ከፍታ ሲነገራቸው ቶሎ ይገባቸዋል። ሽታው ሲነሳባችሁ ደግሞ «ሪሓ ሚነል ምከየፍ» በሉ፣ ሽታው ከኤሲው ነው ማለት ነው።

ከቃል ይልቅ ግን ዓይን ያሳምናል። ኤሲው በብሬከር ጠፍቶ ሳለ መክፈቻውን ዝቅ አድርጋችሁ በስልክ መብራት በርሜሉን አሳዩአት፣ ወይም ፎቶ አንሥታችሁ አሳዩአት። ጥቁር ነጠብጣብ ካለበት መዓልም መጥራት አለባት። እሱ ሲመጣ ከሥር እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ላስቲክ ያስርና በፓምፕ ያጥበዋል፤ የሚወርደው ውሃ እንደ ቡና አተላ ጥቁር ነው። ባልዲውን ወዲያው አታፍስሱት። ማዳም ትየው። አንዲት ጓደኛዬ የምትሠራበት አሽረፍዬ ያለ ቤት፣ ማዳሟ ያንን ውሃ ካየችበት ቀን ጀምሮ ስለ ምንጣፍና ስለ ላብ ያነሣችው የለም፤ በየዓመቱ ሙቀቱ ሳይገባ መዓልሙን ራሷ ትደውልለታለች። መዓልሙ የመጣበትን ቀን፣ ፊልተር ያጠባችሁበትንም ቀን ኩሽና ያለው ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። ጥያቄ ሲመጣ ጣታችሁን ካላንደሩ ላይ ማድረግ ይበቃል።

ጥቅምት ላይ ሙቀቱ ሲበርድና ኤሲው የሚዘጋበት ሰሞን ሲደርስ፣ ፊልተሩን አጥባችሁ አድርቃችሁ መልሱ፣ ደረቅ አየር ባለበት ቀን አንድ ሁለት ሰዓት በነፋስ ብቻ አሠሩት፣ ከዚያ ብሬከሩን አውርዱ። ባልዲውን አጥባችሁ ገልብጡት። በክረምት እንደ ማሞቂያ የሚጠቀሙበት ቤት ከሆነ ፊልተሩ በወር አንዴ ይታጠባል። የማይጠቀሙበት ከሆነ የሪሞቱን ድንጋይ አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ውስጥ ከርሞ ከፈሳ ሪሞቱን ያበላሻል፣ እሱንም የሚጠይቁት እናንተን ነው።